ቶማ ያልተቀበሉት ጉርሻ

ቅዳሜ ጥቅምት 11 ቀን 2004 ዓ.ም. አቶ ቶማ ሻንቆ በትኩሳት ከስፌት መኪናቸው ተነስተው ወደ ሐኪም ቤት ሲወሰዱ፣ ለእሁድ ይደርሳሉ የተባሉት የመዘምራን ልብሶች ኮሌታ ሳይገባላቸው ቀሩ። ልብሶቹ ወይን ጠጅ ቀለም ናቸው፤ ኮሌታቸው ነጭ ሊሆን ነበር። የተቆረጠው ነጭ ጨርቅ በስፒል ተያይዞ መኪናው ላይ ተቀምጧል። ጎረቤታቸው ሰፊው ሳሚ፣ እኔ ልጨርሰው ብሎ አንስቶት ነበር፤ ትንሽ አየውና መልሶ አስቀመጠው። ሐኪሞቹ ሳንባ ምች ነው አሉ። ቶማ ማክሰኞ ጠዋት አረፉ።

በሶዶ ገበያ ስለ ቶማ የሚያወራ ሰው ሁሉ ከእጃቸው ይጀምራል። ጥልፋቸው ከውስጥም ከውጭም አንድ ነው፣ የሰፉት ኪስ ጨርቁ ሳያልቅ አይቀደድም ይላል። ልጃቸው ቤቴል ግን አባቷን ስታስብ ከእጃቸው መጀመር አትችልም። የምትጀምረው ከአንዲት ቁራጭ ሥጋ ነው።

ቶማ የተወለዱት ጉኑኖ ነው። በወጣትነታቸው ወደ ሶዶ ወርደው በሰው መኪና ላይ እየሰፉ ኖሩ፤ ደርግ እንደወደቀ የራሳቸውን ገዝተው ከሰፊዎቹ ረድፍ ዳር ቦታ ያዙ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋሉ፤ የመዘምራን ልብስ ይሰፋሉ፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ ደግሞ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው የባህል ልብስ፣ ዱንጉዛ፣ ከእጃቸው አይወርድም። ቤቴል ሁለተኛ ደረጃ ሳለች ሚስታቸው ሞተችባቸው። አንድ ልጃቸውን በዚያች መኪና አስተማሩ። ቤቴል ባዮሎጂ ተምራ ተመረቀች፤ ከዚያም ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ቢሮ ገብታ የተማሪ ማኅደር ያዥ ሆነች። ሥራዋን የሚያውቁ ሰዎች አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ብትዛነፍ ምሳ አትበላም ይሏታል።

ከሳንባ ምቹ ቀደም ብሎ ሌላ በሽታ ይዟቸው ነበር፤ የጀመራቸው ከቀኝ እጃቸው ነው። ሥራ ሲይዙ ደህና ናቸው፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሲያሳርፉ ግን ጣቶቻቸው የማይታይ ነገር እንደሚያሹ ይንቀሳቀሳሉ። ሳሚ መጀመሪያ ቀልዶባቸዋል።

«ጋሽ ቶማ፣ ትናንት ያመሹት ጸሎት ቤት ነው ወይስ ጠጅ ቤት?»

«አንተ ባመሸህበት አልነበርኩም፤ ምስክር የለህም» አሉት።

ቆይቶ እርምጃቸው አጠረ። ድምፃቸው ቀነሰ። በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬቱ ላይ እንደተሰፋ ቀጥ ይላል። የሚገርመው፣ ያው እግር የመኪናውን ፔዳል ሲረግጥ ምንም አይሆንም ነበር። ቤቴል ድካም ነው፣ ዕድሜ ነው እያለች ቆየች። በኋላ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸውና ፓርኪንሰን መሆኑ ታወቀ። ክኒኑን በሰው ከአዲስ አበባ ታስመጣላቸው ጀመር።

ምን እንደሆኑ ያስረዳቻቸው እዚያው ረድፉ ላይ ነው፣ ገበያ በሌለበት ቀን፣ በወላይትኛ። ቃሉ ሲጠፋባት ያልመጡትን ሰፊዎች ባዶ ቦታ እያየች ታስረዳ ነበር።

«አባዬ፣ የነርቭ ሴል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እያንዳንዱ ለሚቀጥለው ሴል የሚልከው ኬሚካል አለው፤ በምን ይለያል ቢሉ በሚልከው ነው። ጡንቻን የሚያዙት አሴቲልኮሊን ይልካሉ። ጋባ የሚባል የሚልኩ አሉ፤ የእነሱ ሥራ ማቆም ነው፣ እንደ ፍሬን። ግሉታሜት የሚልኩት ደግሞ ይነዳሉ። ዶፓሚን የሚልኩ ጥቂት ናቸው፤ መሐል ጭንቅላት ውስጥ አንድ ቦታ ተሰብስበው ነው የሚኖሩት።»

«እንደኛ ረድፍ ነው በይኛ» አሉ ቶማ። «ሳሚ ሱሪ ነው፣ ያኛው ቀሚስ ነው፣ ያ ጥግ ያለው ቁልፍ መብሻ ነው፣ የሁላችንን የቁልፍ ቀዳዳ የሚበሳው። የኔዎቹ የትኞቹ ናቸው የሞቱት?»

«ዶፓሚን የሚልኩት።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ አሉ። ግን ዶፓሚን ሲጠፋ ፍሬኑ ይበረታል። እጅዎ አለ፣ ጡንቻዎ አለ፤ ልነሳ ሲሉ ግን የሚለቅቅዎት የለም።»

«ቁልፍ መብሻው ጠፍቶ የሁላችን ኮት ተቆለለ ማለት ነው። ታዲያ ክኒኑ ምንድን ነው? ዶፓሚን ነው?»

«አይደለም። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ክኒኑ ጥሬ ዕቃው ነው። እሱ ያልፋል፤ የቀሩት ሴሎች ይሠሩታል።»

«ጨርቁን ታቀብያለሽ፣ የቀሩት ሰፊዎች ይሰፉታል።»

«እንደሱ ነው።» ደስ ብሏት ጨመረች። «ሌላም አለ። ዶፓሚን ራሱ ለሁሉም አንድ ነገር አይናገርም። አንዱን ሴል ያነሳሳል፣ ሌላውን ዝም ያሰኛል። የሚለየው ተቀባዩ ነው።»

«እሱማ በሰውም አለ» አሉ። «አንዱን ያሳቀ ንግግር ሌላውን ያስኮርፋል።»

ከዚያ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ዳሰሱ። ያን ጊዜ ፊታቸው መንቀሳቀስ ትቶ ነበር፤ ሲስቁም ሲያዝኑም ያው ነው። «ይሄስ? ፊቴን ማን ወሰደው?»

«እሱም ያው ነው፣ አባዬ። ውስጥዎ ይስቃል፤ ፊትዎ ነው ያልታዘዘዎት።»

ለማንም እንዳትናገር አስማሏት። «ሥራ የሚያመጣልኝ እጄ ነው። እጁ ታሟል ከተባለ ማን ጨርቁን ያምነኛል?» ቤቴል ቃል ገባች።

ክኒኑ ሠራ። እርምጃቸው ረዘመ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ በራሳቸው እጅ አሾለኩ። ሐኪሙ ታዲያ አንድ ነገር አስጠንቅቆ ነበር፤ ከሥጋ ጋር አይውሰዱት ብሎ። ቤቴል ቤት ገብታ መጻሕፍቷን ገለጠች። ሥጋ ሲፈጭ የሚወጡት አሚኖ አሲዶችና ክኒኑ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል የሚያልፉት በአንድ በር ነው፤ ሥጋው ከበዛ በሩ ላይ ይጋፉና ክኒኑ ውጭ ይቀራል። ይህ እውነት ነው፤ በደንብ ገብቷታል። ከዚያ በኋላ ያደረገችው ግን መጻሕፍቱ ውስጥ የለም። አባቷ ሥጋ እንዳይበሉ ከለከለች። ወተቱን፣ አይቡን፣ እንቁላሉንም ጨመረች። «ጋር» የምትለዋን ትንሽ ቃል አውጥታ ጣለችና ክልክል አለች። እሷ ትክክል የሆነ ነገር ጠብቆ ሲቀመጥ ደስ የሚላት ሰው ናት። ቶማ አልተከራከሩም። እጃቸውን የመለሰችላቸው እሷ ናት። ጎመን፣ ጎደሬና ስኳር ድንች እየበሉ ተቀመጡ።

ቶማ አንድ ታናሽ ወንድም አላቸው፤ ቦልቴ ይባላል፣ ጉኑኖ የአባታቸው መሬት ላይ ነው የሚኖረው። አባታቸው የተከሉትን የድንበር ባሕር ዛፍ ቦልቴ ሳያማክራቸው ቆርጦ ስለሸጠ፣ ቶማ ለቅሶ ላይ፣ ሰው ፊት ሌባ ብለውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ለዓመታት አልተነጋገሩም። በ2003 መባቻ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሁለት ቤት ተመላለሱና ቦልቴ እሺ አለ። የተሰደበው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ታላቁ ናቸውና በጊፋታ ዕለት ወደ ቶማ ቤት ሊመጣ ተስማማ።

ጊፋታ ቂም ይዘው የማይገቡበት በዓል ነው። የተጣላ ሰው አስቀድሞ ይታረቃል፤ ከዚያ ከአንድ ሥጋ ይበላል። በልቶ የተነሳ ሰው ታርቋል። አልበላም ያለ ሰው ደግሞ ሌላ ምንም መናገር አያስፈልገውም።

ቦልቴ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሚስቱን ሳህሊቱን አስከትሎ መጣ። ሽማግሌዎቹ ጸለዩ። ቦልቴ ተነስቶ የታላቁን ጉልበት ያዘ።

«ጋሼ፣ ዛፉን ሳልጠይቅህ መቁረጤ ጥፋቴ ነው።»

ቶማ በዚያ በቀነሰ ድምፃቸው «ይቅር ብያለሁ፤ አንተም ይቅር በለኝ» አሉ። ቅርብ የተቀመጠው ሰምቷል። ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልነበረም።

ቁርጡ ቀረበ፣ ዳጣው ቀረበ። ቦልቴ ቢላውን ይዞ ከሻኛው ለስላሳውን መርጦ ቆረጠ፤ ዳጣው ውስጥ ነከረና በእጁ ወደ ወንድሙ አፍ ይዞ ሄደ። ቶማ ክኒናቸውን የዋጡት ያን ጊዜ ነው፤ ቤቴል ናት የሰጠቻቸው። አንገታቸውን አዙረው ልጃቸውን አዩ። ቤቴል አይሆንም ስትል ራሷን ነቀነቀች። ትንሽ ነው የነቀነቀችው፤ ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸውም ወደ ወንድማቸው ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያንን ግን ቤቱ ሁሉ አየ።

የቦልቴ እጅ አየር ላይ ቆየ። ዳጣው ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ።

«ጋሼ፣ ከእጄ አትበላም?»

በእንዲህ ያለ ጭንቀት ጊዜ የቶማ ድምፅ ጨርሶ አይወጣም ነበር። ሳህሊቱ ተቆጣች።

«ኧረ ፊቱን እዩት! ድንጋይ እኮ ነው! አስታርቁን ብላችሁ ያመጣችሁን ለዚህ ነው?»

«ሆዳቸውን አሟቸው ነው» አለች ቤቴል። ያላት ይህን ብቻ ነው። ቃል ገብታለች፤ ቃሏን ጠበቀች። አንድ ተጨማሪ ዐረፍተ ነገር ብትናገር፣ አባቷ ለጊዜው ይቆጧት ነበር እንጂ ወንድማቸውን አያጡም ነበር። በኋላ ይህን ስታስብ፣ ያን ዐረፍተ ነገር በወላይትኛም በአማርኛም በልቧ ትደጋግመዋለች። አጭር ነው፤ አንድ ትንፋሽ አይሞላም።

ቦልቴ ሥጋውን ሰሃኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ። እጁንም ሳይታጠብ ወጣ። ከበሩ ዞር ብሎ «በል ደህና ሁን፣ ቶማ» አለ። ጋሼ አላለም።

ያን ምሽት ቶማ ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው «ክኒኑ ግን ሠርቷል» አሏት። ሊያጽናኗት ነው። እጃቸው ጭናቸው ላይ ፀጥ ብሎ ነበር።

ዓመቱ እንዲሁ አለፈ። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ አልመጡም። ጉኑኖ የሚሄድ ሰው ሲያገኙ ቶማ «ቦልቴ እንዴት ነው?» ይላሉ፤ ሰውየው «ደህና ነው» ይላል፤ በዚያው ያበቃል። እሳቸውም እየከሱ ሄዱ፤ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ የሰው መሰለ። ሳሚ ጉልበትዎ የታለ እያለ ከቤቱ እንቁላል ያመጣላቸዋል፤ እሳቸው አመስግነው ለመንገደኛ ይሰጣሉ።

በ2003 ጳጉሜን ለክትትል ሲሄዱ የቀድሞው ሐኪም ተቀይሮ ዶክተር ክብረት የምትባል ወጣት ሴት አገኙ። ሚዛን ላይ አወጣቻቸውና ግንባሯን ቋጠረች።

«አባቴ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የከሱት? ምን ይበላሉ?»

መልሱን ቤቴል ሰጠች፤ ሥጋና አይብ እንዳቆመችላቸው፣ በአንድ በር እንደሚጋፉ፣ አንድ ቀንም እንዳልተሳሳተች። በልበ ሙሉነት ነው የተናገረችው። ዶክተሯ እስክትጨርስ ሰማቻት።

«በሩስ አንድ ነው» አለች በዝግታ። «ግን ቀኑን ሙሉ አይጨናነቅም። ክኒኑን ቀድመው ይዋጡ፣ ሰዓት ያህል ይቆዩ፣ ከዚያ ይብሉ። ሥጋም ይብሉ። አብረው አይሁኑ ነው እንጂ፣ አይብሉ ያለሽ ማን ነው?»

ቶማ ሸሚዛቸውን ሲቆልፉ ሁሉንም ሰምተዋል።

በባጃጅ ተመለሱ። ቤቴል እያለቀሰች ነበር። አባቷ ወደ መንገዱ እያዩ «እንግዲያው ጉኑኖ እንሂድ» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«እሄዳለሁ፣ አባዬ። እኔ ራሴ ለጋሽ ቦልቴ እነግረዋለሁ። የተማሪ ምዝገባ ይለቅ ብቻ።»

ምዝገባው በመስከረም ገባ። ጊፋታም መጥቶ በመካከል አለፈ፤ ቤቴል ከቢሮ የምትወጣው አምሽታ ነው። ቶማ ያን ዕለት ክኒናቸውን አስቀድመው ዋጡ፣ ቆይተው ከጎረቤት የመጣላቸውን ሥጋ በሉ። አንዴ ብቻ ጠየቋት።

«ምዝገባው አለቀ?»

«የዘገዩ አሉ፣ አባዬ። በሚቀጥለው ሳምንት።»

እነዚያ የዘገዩ ተማሪዎች ማኅደራቸው ሁሉ ተሟልቶ ተቀምጧል። አንድም የጎደለ የለበትም።

ቶማ በጥቅምት መጀመሪያ ማንንም ሳያማክሩ ብቻቸውን ሄዱ። ቤቴል የዚያን ቀን ነገር ያወቀችው ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነው፤ የነገረቻት ሳህሊቱ ናት፣ አጠገቧ ተቀምጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች።

«ማለዳ ነው የመጣው። ሥጋ በፌስታል አንጠልጥሏል። በራችን ላይ ቆመ፤ አይገባም፣ አይሄድም። ወንድሙ ጓሮ ነበርና ጠራሁት። ወጥቶ ሲያየው ተቆጣ። ‹ምነው ቆምክ? እንደ አምናው ፊትህን ልታሳየኝ ነው የመጣኸው?› አለው። አባትሽ ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹አንተን እምቢ አላልኩም፤ እግሬ ነው እኔን እምቢ ያለኝ› አለው። ቦልቴ አልገባውም። ‹እግርህን ከፊቴ አድርግልኝ፤ የምሻገረው ነገር ካየሁ እሄዳለሁ› አለው አባትሽ። ቦልቴ እግሩን ዘረጋለት። ያንን ተሻግሮ ገባ።»

ሳህሊቱ አፏን በእጇ ይዛ ትንሽ ሳቀች፤ ደግሞ አለቀሰች።

«ከዚያ ስለ ጭንቅላቱ ነገረን። የሰፊ ረድፍ አለ አለን፣ አንዱ የሚልከው ለሌላው አይሆንም አለን፣ ቁልፍ መብሻው ሞቷል አለን። እኔ ምኑም አልገባኝ። ቦልቴ ‹ፊትህ ግን አሁንም ተቆጥቷል› ቢለው፣ ‹ፊቴን ተወው፣ እሱ ደመወዝ ከቀረበት ቆይቷል› አለው። ሌባ ስላለውም ይቅርታ ጠየቀው፤ ጮክ ብሎ፣ እኔም ልጆቼም እየሰማን። ክኒኑን ሶዶ ሳለሁ ውጫለሁ፣ አሁን ሰዓቴ ነው ብሎ አፉን ከፈተ። ቦልቴ እጁ እየተንቀጠቀጠ አጎረሰው። እሱ ተንቀጠቀጠ እንጂ አባትሽስ ምንም አልሆነ!»

«የአምናውንስ ነገራችሁ?» አለች ቤቴል። «ለምን እንዳልበሉ?»

«ነገረን እንጂ። ‹ልጄ በደንብ ነው ያስረዳችኝ፤ እኔ ሽማግሌው ነኝ አጣምሜ የሰማሁት› አለ።»

ቤቴል ማዶ አጎቷን አየች። ቦልቴ ከወንዶቹ መካከል ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል። ተነስታ ሄደች፤ ከፊቱ በርከክ አለች።

«አጎቴ፣ አባዬ አላጣመሙም። የከለከልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ራሴን ነቅንቄ ነው ያስተውኳቸው።»

ቢያንስ አንድ ከባድ ቃል ጠብቃ ነበር።

«ጠርጥሬ ነበር» አለ ቦልቴ። «ያን ዕለት ሲያይሽ አይቻለሁ። እኔም ብጠይቅሽ ምን ነበረበት? ዓመት ሙሉ ኮርፌ ተቀመጥኩ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ተነሽ ልጄ፣ መሬቱ ይበርዳል።»

ተነሳች። ይቅር ብሎኛል ብላ ለራሷ መንገር ግን አልቻለችም፤ አጎቷ ሸክሙን እኩል ሊካፈላት እጁን ዘረጋ እንጂ የሷ ድርሻ አልቀለለም። ያ ዓመት የአባቷ ነበር። ዓመቱን ወስዳ የሰጠቻቸው ጎመን ነው።

«ዓርብ ዕለት እንኳን ልኮልኛል» አለ ቦልቴ፣ ለሷም ለራሱም። «የሬዲዮ ድንጋይ። ሲሄድ፣ እዚህ የሚሸጠው ሁለት ቀን አይቆይም፣ ከሶዶ ላክልኝ ብዬው ነበር። ድሮም እኔ ነኝ የማዘው፣ ታላቄ ቢሆንም።»

ዓርብ ጥቅምት 10 ቀን ቶማ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ብርድ ብርድ ብሏቸው ነበር። ቢሆንም መኪናቸውን ሸፍነው፣ ሳሚን እቃዬን እይልኝ ብለው ወደ ሱቅ ተሻገሩ። አራት ትልልቅ የሬዲዮ ድንጋይ ጠየቁ። ባለ ሱቁ ሲያቀብላቸው በራሱ ሬዲዮ ውስጥ ከትቶ እንዲሞክርላቸው አደረጉት፤ የአንዱ ድምፅ ስላላማራቸው አስቀየሩት። ድንጋዮቹን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልለው በክር አሰሩና ወደ መናኸሪያ ወረዱ። የጉኑኖ ሚኒባስ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ሹፌሩ ኤርካሎ ያውቃቸዋል።

«ለማን ነው፣ አባ?»

«ለወንድሜ። ቦልቴ ሻንቆ፤ በእጁ።»

ኤርካሎ ጥቅሉን ከመሪው ፊት አስቀመጠ። ቶማ መኪናው ሞልቶ እስኪወጣ ጥላው ውስጥ ቆመው ጠበቁ። ሲወጣ እጃቸውን አንስተው፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።